ስልክ ለሌለው ሰው የተጻፈ መስመር

ሰመራ ላይ ጠዋት አጭር ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ነው ማቃጠል የምትጀምረው። ይህን የምታውቀው ኑርሀያት አብራር ከባልደረቦቿ ሁሉ ቀድማ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ትገባለች። መስኮቱን ከፍታ ከሌሊቱ የተረፈችውን ትንሽ ንፋስ ታስገባለች፣ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ ከዚያ ማንጎራጎር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወሎዬ ወላጆቿ ሎጊያ ወልደው ሎጊያ አሳደጓት፤ የሎጊያ ልጅ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚዘፍኑትን ሳይወድ በግዱ ይሸመድዳል።

የሎጊያ ፀሐይ ድንጋይ ታቀልጣለች፣
ቃልህ ከደረሰ ውሃም ትመጣለች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው መልሱን ሲሰማ ግራ ይጋባል። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲላላኩ፣ መልእክቱ ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚናገር ሰነድ ትጽፋለች። ደብዳቤ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ብላ ታስረዳዋለች፦ ፖስታ አለ፤ ፖስታው ላይ አድራሻ አለ፤ የእኔ ጉዳይ ግን ከውስጥ ያለው ወረቀት ነው። ባለሙያዎቹ ያንን ወረቀት «የጥያቄ አካል» ይሉታል። እሷም ስሙን ትወደዋለች። አካል ካለው እጅም እግርም አለው፤ አንዱ ከጎደለ ያነክሳል። የትኛው ቦታ የግድ ይሞላ? የትኛው ባይሞላም ይለፍ? የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ቃል ይሁን? ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ ማንም አንብቦ እንዲገባው አድርጋ ትጽፋለች። በመጨረሻም አንድ ምሳሌ ታስቀምጣለች።

እናቷ ሐቢባ፣ ሎጊያ ዋናው መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ በዚህ ሥራ ላይ ግጥም ገጥማባታለች። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ትለዋለች፦

ልጄን አሳደግኳት በስንቱ ጥረት፣
ደብዳቤ ትጽፋለች ጆሮ ላጣ ብረት።

ሾፌሮቹ ይስቃሉ፤ ኑርሀያትም ትስቃለች። ደብዳቤ መጻፉ ግን ከአባቷ የወረሰችው ነው። አብራር ራፖር ጸሐፊ ነበር። አላህ ይዘንለትና፣ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ጽፏል። ከማን፣ ለማን፣ ጉዳዩ። የሰውየውን ዝብርቅርቅ ንግግር እስከ መጨረሻው ይሰማና ሦስት መስመር ላይ ያሰፍርለታል። በእጁ ያለፈ አቤቱታ «አልገባንም» ተብሎ ተመልሶ አያውቅም ይባላል።

*

ባለፈው ግንቦት የኑርሀያት ሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ወርዶ ሥራ ጀመረ። የውሃ ቦቴ ባለንብረቶች ማኅበር አለ፤ ኩሬ ለደረቀባቸው መንደሮች ውሃ ያመላልሳል። ጥያቄ የሚቀበለው መዝጋቢ አዋሽ ከተማ ነው የሚቀመጠው፤ ቦቴዎቹ ግን ሎጊያ ይቆማሉ። በመሃሉ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በረሃ አለ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሁሉም ነገር በስልክ ነበር፤ መዝጋቢው ለአንዱ ይደውላል፣ አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ይረሳል። አሁን ግን መዝጋቢው አዋሽ ሆኖ ፎርም ይሞላል፣ ጥያቄው ሰመራ ያለው ኮምፒውተር ዘንድ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ስልክ ይሄዳል። ፎርሙ የሚሠራው ከኑርሀያት ሰነድ ነው፤ እሷ አንድ መስመር ስትለውጥ አዋሽ ያለው ፎርም አብሮ ይለወጣል።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አብዱናሲር ግን ነጋዴ ሰው ነው፤ ያላየውን አያምንም።

«ዐሥር ቀን ሰጥቼሻለሁ፣ ኑርሀያት» አላት። «በነዚህ ዐሥር ቀናት አንድ ቦቴ መንገድ ቢስት፣ ሰነድሽን አጣጥፈሽ ታስቀምጫለሽ። እኛም ወደ ስልካችን እንመለሳለን።»

«አይስትም፣ ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ስለጻፍኩት» አለችው። ሳትኮራ ነው ያለችው፤ ጋጋሪ «እንጀራዬ ዓይን አለው» እንደምትለው።

ስድስቱ ቀን በሰላም አለፈ።

*

በሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የቦቴ ሾፌሩ አህመዲን ዐሥር ሺህ ሊትር ውሃ ጭኖ ከማቆሚያው ወጣ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነዳና ሐቢባ ምግብ ቤት በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው ሳይወርድ ደወለ።

«እትዬ ሐቢባ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ውሃ ያዘዝሽው?»

«የት ሆነህ ነው? ድምፅህ በስልኩም በበሩም ይመጣል።»

«በርሽ ላይ ነኛ። ትእዛዙ ስልክሽን ይዟል፣ ቦታው ሎጊያ ይላል። ስሙ ብቻ ሁመድ ነው የሚለው።»

«የባሌ ስም አብራር ነበር። ሌላ ካገባሁ እኔም አልሰማሁ።»

«ስልሳ አባወራ ይላል ደግሞ።»

«ስልሳ አባወራ! ስልሳ ሳህን ቢኖረኝ ምን ነበረ!»

ቁርስ የሚበሉት ሾፌሮች በሳቅ ፈረሱ። አንዱ «እትዬ፣ ስልሳውንም አብሊያቸው እንግዲህ!» አለ። ሐቢባ ግን ሳቋን ቶሎ ዋጠች። ግንቦት ነው። ዐሥር ሺህ ሊትር ውሃ በስህተት የእሷ በር ላይ ከቆመ፣ የሆነ ቦታ ባዶ ጀሪካን ይዞ የቆመ ሰው አለ ማለት ነው። ወዲያው ሰመራ ደወለች።

«ኑሪ፣ ስልኬን ማን ላይ ነው የለጠፍሽው?»

ኑርሀያት ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ሰነዷን ከፈተች። የእናቷን ስልክ የት እንደጻፈችው ታውቃለች፤ ምሳሌው ላይ ነው። ሌሎች ሰነድ ጻፊዎች ምሳሌ ሲሰጡ ዜሮ በዜሮ የሆነ ቁጥር ይደረድራሉ፤ እሷ ግን ምሳሌ ሕያው መሆን አለበት ብላ ታምናለች። ስለዚህ በቃሏ የምታውቀውን የእናቷን ቁጥርና የሎጊያን የቀበሌ ቁጥር አስቀምጣ ነበር።

አዋሽ ላለው መዝጋቢ ደወለች። ሰማኸኝ ይባላል። አባቱ ከጎጃም ለሸንኮራ ቆረጣ ወርደው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሱ ራሱ ታማኝ፣ ጠንቃቃ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«ሰማኸኝ፣ የሁመድን ጥያቄ እንዴት ነው የላክኸው?»

«ሰነድሽ እንዳዘዘኝ።»

«ሰነዴ የእናቴን ስልክ ለሁመድ ስጥ ይላል?»

«ምሳሌ ይላላ! ስሚኝ ኑርዬ። አራት ጊዜ ላክሁት፣ አራቴም ‹ስልክ ግዴታ ነው› እያለ መለሰብኝ። ሰውየው ስልክ የለውም። ‹የቀበሌ ቁጥር ግዴታ ነው› አለኝ። ግመሉን ተከትሎ የሚሰፍር ሰው የምን የቀበሌ ቁጥር አለው? በመጨረሻ ምሳሌሽን ገልብጬ ስሙንና ብዛቱን ብቻ ለወጥሁ። ወዲያው ‹ተቀብያለሁ› አለኝ። ተቀብያለሁ ካለ በኋላ ገብቶታል ብዬ ነዋ! ሰው ተቀበልሁ የሚለው ሲገባው አይደል?»

ኑርሀያት መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱንም ለሌላ ቀን አቆየችው።

*

አብዱናሲር ወሬውን ከሎጊያ ሰምቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን በእጁ እያገላበጠ ነው።

«በቃ፣ ይኸው» አለ። «አሁን ሰማኸኝ ቦታውን ይነግረኛል፣ እኔ ለአህመዲን እነግረዋለሁ፣ ውሃው ይደርሳል። ሰነድሽም እዚህ ላይ አበቃ።»

«ውሃው አሁኑኑ ይነሣ» አለች ኑርሀያት። «እሱ ላይ አንከራከርም። ሰማኸኝ ሰዎቹ ከአሳይታ ወዲያ ናቸው ብሎኛል፤ እስከ አሳይታ ደግሞ መንገዱ አንድ ነው፣ አይጠፋም። አህመዲን አሳይታ እስኪገባ ያለችውን ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። አሳይታ ሲደርስ ትክክለኛው ትእዛዝ በስልኩ ላይ ከሌለ እርስዎ ይደውሉለት፤ እኔም ሰነዴን አጣጥፋለሁ።»

«ጠዋት የሳተውን አሁን ምን ያቀናዋል?»

«ጠዋት የሳትኩት እኔ ነኝ፤ የት ጋ እንደሳትኩ ደግሞ አውቄዋለሁ።»

አብዱናሲር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እሺ። እስከ አሳይታ።»

አህመዲን መሪውን ወደ አሳይታ አዞረ። ኑርሀያት ደግሞ ሰማኸኝን መልሳ ያዘችው።

«የሁመድን ቃል ያመጣልህ ሰው ምን ነበር ያለህ? እንደወረደ ንገረኝ።»

«ደብተሬ ላይ አለ። እንዲህ ነው ያለኝ፦ ‹ከአሳይታ አልፎ፣ አፋምቦ ሳይደርስ፣ መንገዱ ደረቁን ወንዝ የሚያቋርጥበት ቦታ። እዚያ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ሁመድ ራሱ ከግራሩ ሥር ይጠብቃል፤ ዱላው ላይ ቀይ ሽርጥ አስሯል። ስልሳ አባወራ ነን። ኩሬው ከደረቀ አራት ቀኑ ነው። ይህን በአፉ የነገረኝ ሁመድ ነው፤ ያየሁትም ትናንት ነው።› ይኸው ነው።»

ኑርሀያት ዓይኗን ጨፈነች። ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ እንዲሁ አይተላለፍም፤ ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይመልሳል። ምን አየህ፣ የት አየኸው፣ መቼ፣ ከማን ሰማህ። ቀንሶ የነገረ ያፍራል፤ ዋሽቶ የነገረ ከሰው ተራ ይወጣል። ያ መንገደኛ ከአፋምቦ ተነሥቶ፣ ሸለቆውን ሙሉ በጭነት መኪና ወደ ላይ ተጉዞ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል አዋሽ መስኮት ላይ አስረክቧል። የጎደለ ነገር አልነበረም። የሷ ሰነድ ነው ለዚያ ሁሉ ቃል መቀመጫ ያልሰጠው።

ከዚያ የአባቷ ጃንጥላ በዓይኗ መጣ። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስለት ያየችው ነገር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፎርም «የቤት ቁጥር» ይላል፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ቤት ቁጥር የለውም። ሌላው ጸሐፊ «አምጣና ተመለስ» ይለዋል። አብራር ግን ብዕሩን አንሥቶ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን ለሚጠብቀው ሰው ቢነገር ይጠራኛል» ብሎ ይጽፋል። ሰውየውም ይገኝ ነበር። «ሰው የሌለውን አትጠይቂው፣ ኑሪ» ይላት ነበር። «ያለውን ጠይቂው። ያለውን ሲነግርሽ ደግሞ ማስቀመጫ ይኑርሽ።»

ይህን ስንት ዓመት ይዛ ኖራ፣ ሰነዱን ስትጽፍ ረሳችው። ስልክ የሌለው ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም፤ ሎጊያ ላይ ስልክ የሌለው የለማ።

ጣቶቿ ቁልፉ ላይ ወረዱ። አብዱናሲር ከጀርባዋ ሲያነብ ይሰማታል። «ግዴታ» የሚለውን ቃል ከስልኩ አነሣች፣ ከቀበሌ ቁጥሩም አነሣች። በቦታው ይህን ጻፈች፦

«ስልክ፦ ካለ ይጻፍ። ጠባቂ፦ ስልክ ከሌለ ይጻፍ። ከሁለቱ አንዱ የግድ ነው፤ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ጥያቄው አያልፍም። ጠባቂ ማለት ቦቴውን መንገድ ዳር የሚጠብቅ ሰው ነው። ስሙ፣ የሚቆምበት ቦታና ከሩቅ የሚታይ ምልክቱ ይጻፋል። ቦታው ሰው በሚናገረው መንገድ ይጻፍ፤ የቀበሌ ቁጥር ካለ ይጨመር፣ ከሌለ ይቅር። ወሬው የተሰማው ከማን ነው? ሁመድን፣ ወይም ማንንም ጠባቂ፣ ያየው ሰው መቼ አየው? እነዚህም ይጻፉ።»

«‹ሁመድን› ብለሽ ስም ጠርተሽ ጻፍሽ እኮ» አለ አብዱናሲር።

«ውይ!» አጠፋችው። «ዛሬ የሰው ስም እየለጠፍኩ ነው የዋልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው ሳቀ።

ወደ ምሳሌው ወረደች። የእናቷን ቁጥር አጠፋች። ዜሮ በዜሮውን አሁንም አልፈለገችውም፤ አሁንም ምሳሌ ሕያው መሆን አለበት ባይ ናት። ያለ ስልክ፣ ያለ ቀበሌ ቁጥር፣ በጠባቂ ብቻ የተሞላ ሙሉ ጥያቄ አስቀመጠች፤ የጠባቂውን ስም «ምሳሌ» አለችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አዘዘችው፦ ይህ ስም ያለበት ጥያቄ ከመጣ አትቀበል፣ «ምሳሌውን ነው የላክኸው፣ የራስህን ሙላ» ብለህ መልስ። ሰማኸኝ ብቻ አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ሁሉ የሚቀዳው ምሳሌን ነው።

ሰነዱን አስቀመጠችው። አዋሽ ላይ ፎርሙ ተለወጠ።

«መጣልኝ!» አለ ሰማኸኝ በስልኩ። «ጠባቂ የሚል መጣልኝ። ደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ ቦታ ቦታው አለው እኮ!»

«ሙላው። ሁመድ እንዳለው ሙላው፣ አንዳች እንዳታሳምር።»

«ግራሩን ልጻፍ?»

«ግራሩን ጻፍ።»

«ቀዩን ሽርጥ?»

«እሱንም ጻፍ፣ ወላሂ እሱ ነው ዋናው።»

ሲጽፍ ይሰማታል፤ በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አብዱናሲር ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሰመራ ያለው ኮምፒውተር ላይ አዲሱ ጥያቄ ብቅ አለ። ኑርሀያት ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እጅም እግርም ነበረው። ወደ አህመዲን አለፈ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ አብዱናሲር ራሱ ለአህመዲን ደወለና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተው።

«አሳይታ ገባህ?»

«ገና መግቢያው ላይ ነኝ፣ ጋሼ። ትእዛዙ ደርሶኛል። ግራር፣ ደረቅ ወንዝ፣ ቀይ ሽርጥ። እንዲህ ነው እንጂ! የጠዋቱ እኮ ቁርስ በበላሁበት ቤት ነበር የላከኝ። በሉ፣ ከዚህ በኋላ ኔትወርክ የለም፤ ስመለስ እደውላለሁ።»

ሊዘጋው ሲል ዘፈኑ በጋቢናው ውስጥ ሲጀምር ተሰማ፦

አፋምቦ ስወርድ ሐይቁ ያበራል፣
ከሐይቁ አብልጦ ጠባቂ ሰው ያምራል።

*

ቀሪው መጠበቅ ነበር። አብዱናሲር አልሄደም። ምሳ እንኳ ከሎጊያ አስመጣ፤ ሐቢባ ፍየል ጥብስ ላከች፣ በላዩም አንዲት ቁራጭ ወረቀት፦ «ለስልሳ አባወራ የሚበቃ አይደለም።» ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ አሸዋ አንሥቶ መስኮቱን መታው። ኑርሀያት አልተጨነቀችም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ጭንቀቷ ለመንገዱ ነበር፣ ለጎማው፣ ለሙቀቱ። የጻፈችው ነገር ትክክል እንደሆነ ታውቀዋለች። አባቷ አቤቱታውን አስረክቦ ብርጭቆ ሻዩን ሲያነሣ ትከሻው ዘና ይል ነበር፤ የሷም ትከሻ ዛሬ እንደዚያ ዘና ብሏል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች። «ደርሷል። ዐሥር ሺህ ሊትር።» አህመዲን ባዶውን ቦቴ ይዞ አሳይታ ተመልሷል ማለት ነው፤ ኔትወርክ አግኝቷል። ስልኩም ወዲያው ጮኸ።

«ኑሪ፣ ቀዩን ሽርጥ ያየሁት ከስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከሁለት ኪሎ ሜትር! ሽማግሌው ዱላውን ሽቅብ ይዞ ቆሞ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ነው አሉ የቆመው። ስወርድ መጀመሪያ ውሃውን አላየም፣ ወላሂ። እጄን ሳመና ዳጉ ጠየቀኝ። ማን ነገረህ? አለኝ። ስልኬ፣ አልሁት። ለስልክህስ ማን ነገረው? አለኝ። ሰመራ ያለች የእትዬ ሐቢባ ልጅ፣ አልሁት። ለሷስ? አለኝ። አዋሽ ያለ ሰማኸኝ። ለሱስ? ሲለኝ፣ የላክኸው መንገደኛ፣ አልሁት። እስከ ራሱ ድረስ ቆጥሮ ደረሰበት! ያኔ ነው በቃ፣ ውሃውን ክፈት ያለኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ላንቺ ቃል አለው። ‹ስልክ የለኝም በላት፤ ስም ግን አለኝ› ብሏል።»

አብዱናሲር ከወንበሩ ተነሣ፣ ቀኑን ሙሉ በእጁ ይዞት የዋለውን ስልክ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሦስት ቀን ይቀራል እንዴ?» አለ ወደ በሩ እየሄደ።

«አዎ፣ ጋሼ። ዐሥር ብለውኝ ነበር።»

«አልቆጥረውም። ነገ ሰማኸኝ ዘንድ ለሚመጣው ሁሉ ይህንኑ አድርጊ። እናትሽንም ጥብሱ ጨው በዝቶበታል በያት።»

ወጣ። ኑርሀያት ሰነዱን እንደገና ከፈተችው። «ጠባቂ» በሚለው ቃል ትይዩ ሰነዱን ማን እንደጻፈው የሚመዘገብባት ትንሽ ቦታ አለች፤ ማንም የማያነባት። የራሷን ስም ጽፋ ነበር። ከስሟ አጠገብ «በራፖር ጸሐፊው በአብራር ምክር» የሚል ጨመረችና አስቀመጠችው።